ዘመድና ባላጋራ

በልጅነቴ ከሁሉ የበለጠ ደስ ያለኝ ጊዜ የቱ እንደሆነ ብትጠይቁኝ ዓይኔን ሳላሽ እመልሳለሁ፤ አባቴ ዕረፍት የወጣበት ጊዜ። እናቴ ይህን ስናገር ከሰማች መቀሷን ታስቀምጥና፣ "ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠሽ አንቺ ልጅ?" ትላለች። እውነቷን ነው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ከአንድ ድስት ሾርባ እየጠጣን፣ እኔ ሰርግ ቤት ነበርኩ፣ እሷ ገደል አፋፍ ላይ ነበረች።

አባቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። የሚያስተምረው ትልልቆቹን ነው፤ ሱሪያቸው ያጠረባቸውን፣ ድምፃቸው የጎረነነውን። እኔ በዚያው ግቢ ከትንንሾቹ ወገን ነበርኩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ። ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ፤ ጠመኔውን ተከትሎ እሱም ወደቀ። ይህን አላየሁም። እኔ ያየሁት ከሆስፒታል ተመልሶ ሳሎናችን ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ትራስ ተደግፎ ሲቀመጥ ነው። "አባትሽ በጣም ስለደከመው ረጅም ዕረፍት ወስዷል" አለችኝ እናቴ። እሰየው! ሌላው ልጅ አባቱን የሚያገኘው ማታ ማታ ነው፤ የእኔ አባት ግን ጠዋትም አለ፣ ቀትርም አለ፣ ከሰዓትም አለ። ለጎረቤት ልጆች ስለዚህ ሳወራ አፌ አይከደንም ነበር።

ስትሮክ የሚባለውን ነገር ስሙን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለሁሉም ነገር የራሴ ማብራሪያ ነበረኝ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ማንኪያ የሚይዘው በግራው ነው። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ቃላቱን እንደ ከባድ ዕቃ አንድ በአንድ እያነሳ፣ "ቀኙ... ብዙ ሠራ። አሁን... የግራው ተራ ነው" አለኝ። ፍርዱ ልክ መስሎ ታየኝ። እናቴ ጎንበስ ብላ የጫማውን ክር ስታስርለት ደግሞ፣ ወይ ፍቅር! እል ነበር በሆዴ። እዚህ ላይ እንኳ አልተሳሳትኩም።

እናቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ማሽኗ ሳሎኑ ጥግ ነው ያለው፤ ደንበኞቿ ጨርቃቸውን በቦርሳ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ አንዲት ትልቅ ቡናማ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴትዮ እየተመላለሰች መምጣት ስትጀምር፣ መጋረጃ ልታሰፋ ነው ብዬ ደመደምኩ። የሚገርመው መጋረጃዋ አያልቅም። መጥታ የአባቴን ቀኝ እጅ ታሸዋለች፣ ሥዕል እያሳየች "ይኼ ምንድን ነው?" ትለዋለች፣ ከዚያ በር ላይ ቆማ ከእናቴ ጋር ትንሾካሾካለች። ምን ዓይነት ሥራ ፈት ደንበኛ ናት? አንድ ቀን ጆሮዬን ጥዬ ሰማኋቸው።

"ካልተሠራበት ይዝጋል" አለች ባለቦርሳዋ። "በየቀኑ ማንቀሳቀስ ነው። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። መተው የለም።"

"ዘይት እንደሌለው ማሽን ማለት ነው?" አለች እናቴ።

"እንደዚያ ይበሉት።"

ዞር ሲሉ የምግብ ዘይቱን ጠርሙስ አመጣሁና የስፌት ማሽኑን ጠግቦ እስኪያገሳ አጠጣሁት። የአንዲት ደንበኛ ነጭ መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ዘይት በዘይት ሆነ። እናቴ ልትጮህብኝ አፏን ከፍታ ነበር። "አንቺው አይደለሽም እንዴ ዘይት እንደሌለው ማሽን ያልሽው?" ስላት ግን አፏን መልሳ ዘጋችና ጨርቁን ታቅፋ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሳሙናው ነው አለችኝ፣ አመንኳት።

ጨዋታው የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። በመሠረቱ ጨዋታው የአባቴ ነው፤ ድሮ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን የሚያጫውታቸው። "ቃል ብቻውን አይኖርም" ይላቸው ነበር። "ዘመድ አለው፣ ባላጋራ አለው። ዘመዱንም ባላጋራውንም ሳታውቅ ቃሉን አወቅኩት አትበል።" ዘመድ የሚለው ተመሳሳዩን ነው፣ ባላጋራ የሚለው ተቃራኒውን። አንዱ አንድ ቃል ይወረውራል፤ ተከታዩ ዘመዱን ያመጣል፤ ዘመዱ ከፊተኛው የገዘፈ፣ የተከበረ መሆን አለበት። ቢግ ካልክ ሂውጅ፣ ሂውጅ ካልክ ኢኖርመስ፣ ኢኖርመስ ካልክ ጃይጋንቲክ። ዘመድ ሲያልቅ ባላጋራ ይጠራል፤ ስሞልን እያሳደጉ፣ ማለቴ እያሳነሱ፣ እስከ ማይኑት መውረድ ነው።

ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ፣ ሳህኑ ሳይነሳ እንጫወታለን። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና የእናቴ ወንድም። አጎቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሥራው በከተማው ሁሉ ቢሆንም ምሳ ሰዓት ላይ እንደምንም ብሎ እኛ ሰፈር ነው የሚገኘው። እንግሊዝኛው ከመብራት አያልፍም። ኦን፣ ኦፍ፣ ፊውዝ፣ አለቀ። ባላጋራ ተጠየቅ ሲባል አንድ ብልሃት ብቻ ነበረው፤ ከቃሉ ፊት ኖት መለጠፍ።

"የሃፒ ባላጋራ!" እለዋለሁ።

"ኖት ሃፒ!"

"አይቆጠርም!"

"ለምን አይቆጠርም? ኖት ሃፒ የሆነ ሰው አይተሽ አታውቂም? እኔን እይኝ!"

ይህን ሁሉ የምዳኘው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ አባቴ ዳኛዬ እያለ ነው የሚጠራኝ። ዳኝነቱን ያገኘሁት ደግሞ በድካሜ ነው። ጠዋት ጠዋት እናቴ እየሰፋች፣ እኔ ማሽኑ ሥር ተቀምጬ የአባቴን ወፍራም መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ አጠናለሁ። "ትምህርት ሲከፈት ትልቅ የቃላት ውድድር አለ። አባትሽ ሊያሠለጥንሽ ነው ዕረፍቱን የሠዋው" ብላኛለች። እንዲህ ያለ ውድድር በትምህርት ቤታችን ኖሮ አያውቅም። እኔ ግን ለሌለው ውድድር ስካርስን፣ አባንደንትን፣ ሪላክታንትን እንደ ቆሎ እየቆረጠምኩ ከረምኩ። ልጅ ጭንቅላት ባዶ መሬት ነው፤ የጣልክበት ሁሉ ይበቅላል።

ችግሩ አባቴ ነው። ይህን የሚያህል አስተማሪ መሸነፍ አበዛ። ተራው ሲደርስ አፉን ይከፍታል፤ የግራ እጁ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት የሌለ ጠመኔ እንደያዙ ይፋተጋሉ፤ ቃሉ ግን አይወጣም። እኔ ገና ትንሽ ሆኜ ያስተማረኝን ቃል! ነገሩ ገባኝ። እያወቀ ነው። ልጄ እንዳይከፋት ብሎ፣ እኔን ለማስደሰት ሆን ብሎ እየተሸነፈልኝ ነው። እንደ ሕፃን ቆጥሮኛል ማለት ነው! ከዚያ የባሰው የእናቴ ነገር ነው። አባቴ ዝም ባለ ቁጥር፣ ገና አፉን ከመክፈቱ ቃሉን ከጎኑ ሹክ ትለዋለች። እኔ ቃል ጠፍቶኝ ብቆም ማንም ሹክ አይለኝም።

አንድ ቀን የተጠየቀው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሙ "የሚሰጥ፣ እጁ የተፈታ" ነበር። አባቴ ቆመ። ጣቶቹ ተፋተጉ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ እናቴ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። እኔም ማንኪያዬን ጠረጴዛው ላይ በኃይል አጋጨሁት።

"ማጭበርበር ነው! እሱ እያወቀ አላውቅም ይላል፣ አንቺ ደግሞ ትነግሪዋለሽ! እንዲህ ከሆነ አልጫወትም!"

አጎቴ እንኳ ዳቦውን አፉ አጠገብ እንደያዘ ቀረ።

"ዝም በይ አንቺ!" አለች እናቴ። "ምን የምታውቂው ነገር አለ?"

"ተያት" አለ አባቴ። ግራ እጁን አነሳ። "ዳኛዋ... ትናገር።"

ዳኛዋ ተነስታ ቆመች። አሁን ሳስበው ያን የሚያህል ቁጣ ዕድሜዬን ሙሉ ተቆጥቼ አላውቅም። "ከዛሬ ጀምሮ" አልኩ፣ "ለቆመ ሰው ቃሉን መንገር ክልክል ነው። ለማንም! የሚሰጠው ባላጋራው ብቻ ነው። ባላጋራውን ይዞ ራሱ ይድረስበት።"

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አለች እናቴ። አባቴ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ ደህናውን መዳፉን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ስጪኝ ማለቱ ነው።

"ስቲንጂ" አልኩት። ቋጣሪ፣ ቆንቋና ማለት ነው።

"ስቲንጂ" አለ አባቴ። "ስቲንጂ... ስቲንጂ..." ዓይኑ ጠረጴዛውን ዞረ። ዳቦው ላይ አረፈ፤ ከዳቦው ወደያዘው እጅ፣ ከእጁ ወደ አጎቴ ፊት ሄደ። ስንት ምሳ በልቶ አንዲት ዳቦ ገዝቶ መጥቶ የማያውቀው አጎቴ! አባቴ ጣቱን ቀሰረበት። "ስቲንጂ... እሱ!" አለ። ከዚያ ደረቱን ደቃ። "እኔ ግን... እኔ... ጀነረስ!"

አጎቴ "ወይኔ በቁሜ!" ብሎ ጮኸ። አባቴ ሳቀ። ከአፉ አንድ ጎን ብቻ የሚወጣ፣ ትከሻውን የሚያናውጥ ሳቅ ነበር። አጎቴም ሳቀ፤ እኔም ዳኝነቴን ረስቼ ሳቅኩ። እናቴ ብቻ ወንበሯን ገፍታ ወደ ኩሽና ሮጠች። ተሸንፋ አኩርፋ ነው አልኩ። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ስትሰማው ያ የመጀመሪያው እንደነበር የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

አዲሱ ሕግ ለባለቦርሳዋ ሴትዮ ሲነገራት ከወንበሯ ብድግ አለች። "ማን ነው ይህን ያመጣው? በጣም ጥሩ ነው! ዋናው በር ሲዘጋበት በጓሮ በር አስገቡት። እንዳትተዉት!" አለች። አንቺ መጋረጃሽን አስፊ፣ የጨዋታ ሕግ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ? አልኩ በሆዴ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው በቀጥታ የሚፈልገውን ነገር ስም መጥራት ተወ። አባቴ የሞቀውን ሻይ ሲፈልግ "ቀዝቃዛ" እለዋለሁ፤ እሱም "ዋርም!... ሆት... ስኮልዲንግ!" ብሎ ይወስዳል። አጎቴ ሳይቀር መሰላል ላይ ቆሞ አምፖል እየቀየረ "ዳርክ ስጡኝ!" ይል ነበር። የአባቴ ቃላት አንድ በአንድ ተመለሱ። አንዳንዶቹ ጠፍተው የከረሙ ድመቶች ይመስል፣ ሳይጠሩ መጥተው በር ላይ ቁጭ ይላሉ። ገና ፊቱን እየታጠበ "ሜቲኩለስ!" ብሎ ሲጮህ እናቴ ፎጣውን ይዛ ትሮጣለች። ጥንቁቅ ማለት ነው።

ሁሉም ቀን ግን እንዲህ አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ቤተ መጻሕፍት ውስጥ... ያስቀምጡኛል" አለ አባቴ። "ማኅተም... ልመታ።"

"ምን አለበት? ሥራ ነው። ጤናህ ይቅደም።"

"ያለ ሰሌዳ... እኔ ምንድን ነኝ?"

እናቴ ማሽኗን ረገጠችው፣ ቆም አለች፣ እንደገና ረገጠችው። እኔ ግን ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ አባቴ ሰሌዳ አምሮታል! ይህን ለአጎቴ ሹክ አልኩት። አጎቴ አንገቱን ሰብሮ አየኝና ወጣ። በነጋታው አንድ ትልቅ ኮምፔርሳቶ ጥቁር ቀለም ቀብቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ መጣ፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በምስማር መታው። "ስቲንጂ ነኝ አይደል? እንካ!" አለው አባቴን። እናቴ የተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ጠቅልላ ዳስተር ሰፋችለት። አባቴ በግራ እጁ ከላይ እስከ ታች እየጻፈ እያጠፋ ይውል ጀመር። መጀመሪያ ፊደሎቹ የሰከሩ ይመስሉ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ቀጥ አሉ።

ትምህርት ሊከፈት ሲቃረብ ዳይሬክተሩ ቤታችን መጣ። ይህ ሰው ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁልፎቹ ሲንጫጩ ግቢው በሙሉ ጸጥ የሚል ሰው ነው። እናቴ ከጠዋት ጀምራ ወለሉን ሁለቴ ወለወለች፤ "ዛሬ ነው የሚለይለት" ስትለው ሰማሁ ለአጎቴ። የሚለይለት የእኔ ጉዳይ ነው፤ ለውድድሩ ሊፈትነኝ ነው። ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ፀጉሬን በውኃ አስተኛሁ፣ አባቴ ጎን ተጎልቼ ጥያቄዬን ጠበቅኩ።

ዳይሬክተሩ ሻዩን ሳይነካው ተናገረ። "መምህር፣ እኔና አንተ ዙሪያ ጥምጥም አናውቅም። ሌላ ሰው ቅጠር እያሉኝ ነው። እኔ የምፈልገው አንተን ነው። ግን ልጆቹም አሉብኝ፤ ዘንድሮ ፈተና ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ሰኞ መግባት ትችላለህ ወይስ አትችልም? እዚያ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ አያለሁ። እስቲ እኔን አስተምረኝ።"

አባቴ ተነሳ። እናቴ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ያዘች። እኔ ትንሽ ቅር አለኝ፤ የእኔ ፈተና ሆኖ ሳለ አባቴን ለምን ያስቀድማል? አባቴ ጠመኔ አነሳና በግራ እጁ ብሬቭ ብሎ ጻፈ። ጀግና፣ ደፋር ማለት ነው። ዞሮ ዳይሬክተሩን እንደ አንድ ሱሪው ያጠረበት ተማሪ አየው።

"ብሬቭ" አለ። "ቃል ብቻውን... አይኖርም። ዘመዱ ማነው? ከሬጀስ። ይኼ... ትልቅ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ዘመድ ደግሞ አለ፤ እሱ..."

ቆመ።

ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ነጥብ ሠርቶ ቀረ። ዳይሬክተሩ ዓይኑን ወደ ሻዩ አወረደ። እናቴ ከንፈሯ ሲከፈት አየሁ፤ ልትነግረው ነው! ዳኛ እያለ! ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጄን ወደ እሷ ዘረጋሁና፣ "ክልክል ነው!" አልኩ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሬ ባላጋራውን ሰጠሁት።

"ታይሚድ!"

ፈሪ፣ ድንጉጥ ማለት ነው። አባቴ "ታይሚድ..." አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው ገለጠው። "ኢንትሬፒድ!" አለ። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሮጠ፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሳይቆም ጻፈው። "ኢንትሬፒድ ማለት... የማይፈራ አይደለም። እየፈራም ቢሆን... የሚገባ ነው።"

ዳይሬክተሩ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ። መልሱን ነገርሽው?"

"አልነገርኩትም! መንገር ክልክል ነው!"

"ታዲያ ምን አደረግሽ?"

በመጨረሻ ጥያቄዬ መጣ! ጉሮሮዬን ጠርጌ ሕጉን ከላይ እስከ ታች ዘረገፍኩለት። ሰው ሲቆም አይሳቅበትም። ቃሉ አይነገረውም። የሚሰጠው ባላጋራው ነው፣ ይዞ ራሱ ይድረስበታል። ዳይሬክተሩ ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከሚኒስትር ጋር እንደሚነጋገር ሰው ሰማኝ።

"ባላጋራውንስ የማታውቂው ከሆነ?" አለኝ።

"የባላጋራውን ዘመድ መስጠት ነው። እሱም ካልታወቀ ቤት ገብቶ ማጥናት ነው።"

"የማን ሕግ ነው ይሄ?"

"የእኔ ነው። የዚህ ቤት ብቻ ነው።"

"ገባኝ" አለ። ሻዩን አነሳና በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ከዚያ ቁልፉን አንጫጭቶ ተነሳ፤ በር ላይ ሲደርስ አባቴን በግራ እጁ ጨበጠው። "ሰኞ ሰሌዳው ይጠብቅሃል፣ መምህር።"

በሩ ሲዘጋ አባቴ ወንበሩ ላይ ወደቀ፤ እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ አፍንጫዬን ሳይቀር ሳመችኝ። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ያለው ማነው?" እያለ አጎቴ በክፍሉ ውስጥ ይዘላል። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። "ማለፍ አለማለፌን ሳይነግረኝ ሄደ!"

"አልፈሻል" አለኝ አጎቴ። "አንቺማ ከሁሉም ቀድመሽ ነው ያለፍሽው።"

ሰኞ ደረሰ። በዕረፍት ደወል ከትንንሾቹ ሜዳ ሾልኬ ወደ ትልልቆቹ ክፍል ሄድኩና በመስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ቆምኩ። ትልልቆቹ ዕረፍት የሚወጡት ከእኛ በኋላ ነው። አባቴ ሰሌዳው ፊት ቆሟል፤ ኮቱን እናቴ ተኩሳለታለች። እየተናገረ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው፣ ግን እየተናገረ ነው። ከዚያ ቆመ። ጣቶቹ ተፋተጉ።

ከጀርባ ወንበር ላይ ጎማ የሚሉት ልጅ ተነሳ፤ በየክፍሉ ስለሚነጥር ነው ጎማ ያሉት፤ ከቢሮ ቅጣት የማይጠፋ ረባሽ ነው። እጁን አወጣና በአክብሮት "ሪላክታንት፣ መምህር" አለ፤ ዳተኛ፣ ወደ ኋላ የሚል ማለት ነው። አባቴ ዞረና አየው። "ሪላክታንት" አለ፤ "ሪላክታንት... ኢገር! አዎ፣ ኢገር!" ጉጉ ማለት ነው። ትምህርቱ ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሲቆም፣ ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ ሌላ ባላጋራ አቀበለችው። ማንም አልሳቀም። ማንም ቃሉን አልነገረውም።

ድንጋዩ ላይ ቆሜ በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። ጨዋታችን! የቤታችን ጨዋታ! ማን ነገራቸው?

ማን እንደነገራቸው ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለልጄ ሳል መድኃኒት ልገዛ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰው ፋርማሲስት ትክ ብሎ አየኝና፣ "የመምህር ልጅ አይደለሽም? ዳኛዋ?" አለኝ። ጎማ ነበር። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሆዱ ወጥቷል፣ መንጠሩን ግን አልተወም።

"የዚያን ሰኞ ጠዋት" አለኝ መድኃኒቱን እየጠቀለለ፣ "ዳይሬክተሩ መምህር ሳይገባ ቀድሞ ገባና በሩን ዘጋ። ሊገርፈን ነው ብለን ነበር። 'መምህራችሁ አንዳንዴ ይቆማል' አለን። 'ሲቆም አይሳቅም። ቃሉ አይነገረውም። ባላጋራውን ስጡት፣ ራሱ ይደርስበታል።' ባላጋራውን ባናውቀውስ? አልኩት እኔ ለማሾፍ። 'የባላጋራውን ዘመድ' አለኝ። 'እሱንም ካላወቃችሁ ቤት ገብታችሁ አጥኑ። ሕጉ የእኔ አይደለም፤ የሴት ልጁ ነው።' እኔ እስከዚያ ቀን መዝገበ ቃላት ገልጬ አላውቅም ነበር። ግን መምህር ቆሞ እኔ የማቀብለው ባጣስ? ምን ይውጠኛል? እንደዚያ እየፈራን መዝገበ ቃላቱን ጨረስነው። እሱ ለእኛ ሲል ቆሞ የሚያስተምር ይመስለው ነበር፤ እኛ ደግሞ ለእሱ ስንል ተማርን።"

የመድኃኒቱን ሂሳብ ልከፍል ስል እንቢ አለኝ። "ጀነረስ ልሁን እንጂ" አለ። ስቄ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ያን ሰኞ ግን የማለቅስበት ምክንያት ሌላ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ቦርሳዬ ከኋላዬ እየተንገላታ ወደ ቤት በረርኩ። እናቴ ማሽኗ ላይ ናት፤ ሥራ የያዘች ትመስላለች፣ ከመርፌው ሥር ግን ጨርቅ አልነበረም። ባዶውን ነው የምትረግጠው።

"እማዬ፣ ተሰረቅን!"

እግሯ ቆመ። "ምን?"

"ጨዋታችንን ሰረቁን! አባዬ ሲቆም ጎማ ተነስቶ ባላጋራውን ሰጠው! ሌላም ልጅ ሰጠችው! ክፍሉ ሁሉ ያውቀዋል!"

"ሳቁበት?"

"ማን ይስቃል? ቢስቁማ ጥሩ ነበር! ቁም ነገር አድርገው ይዘውታል፤ እጃቸውን እያወጡ ነው የሚሰጡት!"

"እስቲ እንደገና ንገሪኝ" አለች። "ከመጀመሪያው ጀምረሽ። እሱ ሲቆም፣ መጀመሪያ ማን ተነሳ? ምን አለው? እሱስ ምን አለ?"

እንደገና ነገርኳት። ደግሜ ነገርኳት። ሦስተኛውን ሳልጨርስ አጠገቧ የነበረውን ያልተሰፋ መጋረጃ አንስታ ፊቷን ቀበረችበት፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለካ ለጨዋታው ይህን ያህል ተቆርቋሪ ናት! እጄን አንገቷ ላይ ጠመጠምኩ።

"አይዞሽ እማዬ" አልኳት። "ሌላ ጨዋታ እፈጥራለሁ። እሱን ለማንም አንነግርም።"

የውጭው በር ተንቋቋ። አባቴ አንድ እግሩን ጎተት እያደረገ ገባ፤ የግራ እጅጌው እስከ ክርኑ ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል። እናቴ ከጨርቁ ውስጥ ቀና አለች። ፊቷ ርሷል፣ እንዲያ ስትስቅ ግን አይቻት አላውቅም።

"ተዪ ልጄ፣ ይስረቁን" አለችኝ። "ሁሉንም ይውሰዱት።"